ወንድ ተጠቂ በአስገድዶ መድፈር ሕግ፦ ከሮም እስከ ዘሄግ

አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣ ሕግ ሁሉ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳል፤ ተጠቂው ማን ሊሆን ይችላል? አድራጊውስ? ወንጀሉን የሚያቋቁመው ድርጊት የትኛው ነው? በእንግሊዝና ሕጓን በወረሱ አገሮች ለብዙ መቶ ዓመታት የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ «ሴት»፣ የሁለተኛው ደግሞ «ወንድ» ነበር። ተገድዶ የተደፈረ ወንድ ከሕግ ዓይን ጨርሶ አልተሰወረም። ሆኖም የደረሰበት በደል በሌላ ወንጀል ስም ይመዘገብ ነበር፤ ያ ወንጀል ደግሞ ከተበዳይነቱ ይልቅ ተባባሪነቱን እንዲጠረጠር ያደርግ ነበር። ወንዶች ወደ ትርጓሜው የገቡት በአመዛኙ በሁለት ወገኖች ሥራ ነው፤ በሴቶች መብት ንቅናቄና በ1990ዎቹ በተቋቋሙት የጦር ወንጀል ችሎቶች። ከዚህ በታች የኢትዮጵያ ሕጎች ዓመት «ዓ.ም.» ተብሎ ሲጻፍ የቀሩት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

## ሮም፦ እስከ 533

ጥንታዊው የሮም ሕግ በዚህ ረገድ ከእሱ በኋላ ከመጡት ከብዙዎቹ የሰፋ ነበር። በኃይል የሚፈጸሙ ድርጊቶችን የሚቀጣው የዩልያ ሕግ፣ በ3ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው የሕግ ሊቅ ማርቅያኖስ እንዳብራራው፣ ወንድ ልጅንም ሆነ ሴትን ወይም ሌላ ማንኛውንም ሰው በኃይል የደፈረን ሁሉ ይመለከት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ዮስቲንያኖስ በ533 ያስጠናቀረው ታላቁ የሕግ መድብል፣ ዲጀስት፣ ይህን ማብራሪያ ጠብቆ አቆይቶታል።

በዚያው መድብል ውስጥ ሌላ ሊቅ፣ ኡልፕያኖስ፣ ፈቃድንና መገደድን ለይቶ አስቀምጧል። በሮም በፈቃዱ ከወንድ ጋር በ«ሴት ቦታ» የተገኘ ወንድ ለሌላ ሰው ጥብቅና መቆም ይከለከል ነበር። በሽፍቶች ወይም በጠላት ወታደር ተገድዶ የተደፈረ ሰው ግን ይህ ነውር ሊያርፍበት እንደማይገባ ኡልፕያኖስ ይናገራል። የተደፈረን ሰው ከነውሩ ነጻ የማውጣት ሐሳብ ማለት ነው። ጥበቃው ግን ለሁሉም እኩል አልነበረም። ባሪያ ሲደፈር እንደ ተበዳይ የሚቆጠረው ባሪያው ሳይሆን ጌታው ነበር።

## እንግሊዝ፦ 1275–1736

በመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ የአስገድዶ መድፈር ሕግ ከርስትና ከጋብቻ ጋር ተሳስሮ አደገ። በ1275 እና በ1285 የወጡት የዌስትሚኒስተር ሕጎች ሴትን መድፈርንና ሴትን ጠልፎ መውሰድን ጎን ለጎን ይዘዋል። ርስት ያላትን ልጅ የጠለፈ ሰው ከልጅቷ ጋር መሬቷንም ይወስዳል፤ ሚስት ስትጠለፍም የባሏ ቤት ይፈርሳል፤ የዘር ሐረግም ይጠረጠራል። ሕጉ በዚህ ጊዜ የሚጠብቀው የሴቲቱን አካል ብቻ ሳይሆን የአባቷንና የባሏን ጥቅም ጭምር ነበር። ወንድ በዚህ ስሌት ውስጥ የሚገባበት ቀዳዳ አልነበረውም። ቢደፈርም ርስት አይተላለፍም፣ የማንም ዘር አይጠረጠርም።

ወንድ ከወንድ ጋር የሚፈጽመው ድርጊት መጀመሪያ የቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤቶች ጉዳይ ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1533 ባወጣው ሕግ ወደ መንግሥት ፍርድ ቤት አሸጋገረው፤ ቅጣቱንም ስቅላት አደረገው። ይህ ወንጀል የተቀረጸው በሰው ላይ እንደሚፈጸም በደል ሳይሆን በእግዚአብሔርና በተፈጥሮ ሥርዓት ላይ እንደሚፈጸም ኃጢአት ነበር። ስለዚህ የተጠቂው ፈቃድ መኖር አለመኖር ወንጀሉን ለማቋቋም አያስፈልግም ነበር። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሊቅ ኤድዋርድ ኮክ ከ14 ዓመት በታች ያለ ልጅ በዚህ ወንጀል ጥፋተኛ እንደማይሆን ጽፏል። ከዚያ ዕድሜ በላይ የሆነ ወንድ ግን ጉዳዩን ወደ ዳኛ ይዞ ሲሄድ ራሱንም ለክስ ያጋልጥ ነበር።

አደጋው ምን ያህል እንደሆነ በ1631 በታየው የካስልሄቨን መስፍን ችሎት ግልጽ ሆነ። መስፍኑ ሚስቱ እንድትደፈር በመርዳትና ከወንድ አገልጋዩ ጋር ግብረ ሰዶም በመፈጸም ተከሶ ተሰየፈ። በሁለተኛው ክስ የመሰከረበት አገልጋዩ ፊትዝፓትሪክ ነበር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አገልጋዩም በዚያው ድርጊት ተከሶ፣ የገዛ ምስክርነቱ ማስረጃ ሆኖበት ተሰቀለ። ጌታ አገልጋዩን ማዘዝ በሚችልበት ቤት ውስጥ የአገልጋዩ ፈቃድ ምን ያህል ነጻ ነበር የሚለውን ጥያቄ ሕጉ የሚያነሣበት ቦታ አልነበረውም።

የዳኛ ማቲው ሄል የወንጀል ሕግ መጽሐፍ ከሞተ በኋላ በ1736 ታተመ። መጽሐፉ አስገድዶ መድፈርን ወንድ ሴትን ያለ ፈቃዷ በግብረ ሥጋ መድረሱ ነው ብሎ አጸና፤ ባል ሚስቱን በመድፈር ሊከሰስ እንደማይችልም አከለበት። ያገባች ሴትንና ማንኛውንም ወንድ ከጥበቃ ውጭ ያደረጉት እነዚህ ሁለት አጥሮች ወደ አሜሪካ፣ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ቅኝ ግዛቶች አብረው ተጓዙ።

## የ19ኛው ክፍለ ዘመን መድብሎች፦ 1860–1967

በ1860 የወጣው የሕንድ የወንጀል ሕግ ክፍፍሉን በሁለት አንቀጾች አሰፈረው። አንቀጽ 375 ሴትን መድፈርን ሲተረጉም፣ አንቀጽ 377 ደግሞ «ከተፈጥሮ ሥርዓት ውጭ» የሆነን ግንኙነት ይቀጣል። ወንድ በወንድ ሲደፈር ጉዳዩ የሚታየው በሁለተኛው ነበር። ያ አንቀጽ ደግሞ ተስማምተው የተገናኙትንና አንዱ ሌላውን ያስገደደበትን ሁኔታ አይለይም ነበር።

በእንግሊዝ በ1861 የወጣው በሰው አካል ላይ የሚፈጸሙ ወንጀሎች ሕግ ላይ ላዩን ሲታይ ለወንድ ያደላ ይመስላል። በወንድ ላይ ለሚፈጸም የብልግና ጥቃት እስከ 10 ዓመት እስራት ሲደነግግ፣ በሴት ላይ ለሚፈጸም ተመሳሳይ ጥቃት ግን ከፍተኛው ቅጣት 2 ዓመት ነበር። ለወንድ ተጠቂ የበለጠ ታዝኖ አልነበረም። በወንድ ላይ የሚፈጸመው ጥቃት የተቀመጠው ከግብረ ሰዶም ወንጀሎች ጋር በመሆኑ፣ ቅጣቱ የሚለካው በተበዳዩ ጉዳት ሳይሆን ድርጊቱ በሚያስነሣው ጥላቻ ነበር።

በ1967 በእንግሊዝና በዌልስ ዕድሜያቸው 21 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ወንዶች በፈቃዳቸው በግል የሚያደርጉት ግንኙነት ወንጀል መሆኑ ቀረ። ፈቃድ ለመጀመሪያ ጊዜ የመለያ መስመር በመሆኑ፣ የተገደደ ወንድ ከተስማማው ተለይቶ መታየት ጀመረ። የቅጣቱ ሚዛን ግን እኩል አልሆነም። ሴትን መድፈር እስከ እድሜ ልክ ሲያስቀጣ፣ ዕድሜው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነን ወንድ ያለ ፈቃዱ መድፈር ከ10 ዓመት በላይ አያስቀጣም ነበር፤ ስሙም አስገድዶ መድፈር አልነበረም።

አድራጊዋ ሴት ስትሆን ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰብ ነበር። በ1968 አንድ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት፣ ለአቅመ አዳም ካልደረሱ ልጆች ጋር የተገናኘችን ሴት ድርጊቱን የፈጸሙት ልጆቹ ናቸው፣ እሷ በእነሱ ላይ የሰነዘረችው ጥቃት የለም በማለት ነጻ አወጣ። ይህ አስተሳሰብ የተቀለበሰው ከ13 ዓመት በኋላ በ1981 ነው። በዚያ ዓመት የታየው ጉዳይ ከ14 ዓመት ልጅ ጋር የተገናኘች ሴትን የሚመለከት ሲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ልጁን በዚህ መንገድ መንካቷ ራሱ የብልግና ጥቃት ነው ሲል ወሰነ።

## የትርጓሜው መሠረት ሲለወጥ፦ 1974–1994

ወሳኙ ለውጥ የመጣው ለወንዶች ከቆመ ንቅናቄ አልነበረም። በ1970ዎቹ በሰሜን አሜሪካ የተነሡት የሴቶች መብት ተሟጋቾች አስገድዶ መድፈር የንጽሕና ወይም የቤተሰብ ክብር ጉዳይ ሳይሆን በሰው አካልና ነጻነት ላይ የሚፈጸም ጥቃት ነው ብለው ተከራከሩ። ትግላቸው የተጠቂዋ ያለፈ ሕይወት ችሎት ላይ እንዳይመረመር፣ እስከ መጨረሻ ታግላለች ወይ የሚለው ጥያቄ እንዲቀር፣ ባልም እንዲጠየቅ ነበር። የሚጠበቀው ጥቅም ክብረ ንጽሕና መሆኑ ቀርቶ የአካል ነጻነት ከሆነ ግን ተጠቂው ሴት ብቻ ነው የሚባልበት ምክንያት አብሮ ይወድቃል።

የሚሺጋን ግዛት በ1974 ባወጣው ሕግ «አስገድዶ መድፈር» የሚለውን ስም ትቶ በአራት ደረጃ የተከፈለ የወሲብ ወንጀል ደነገገ። ሕጉን የገፋው በግዛቲቱ የተደራጀ የሴቶች ቡድን ነበር። በአዲሱ ሕግ ተበዳይና አድራጊ በጾታ አይለዩም። ካናዳ በ1983 ተመሳሳይ መንገድ ተከትላ የድሮውን ወንጀል ሰርዛ በሦስት ደረጃ የተከፈለ የወሲባዊ ጥቃት ወንጀል ተካች። ፈረንሳይም በ1980 አስገድዶ መድፈርን በሌላ ሰው አካል ላይ በኃይል፣ በማስገደድ ወይም በድንገት የሚፈጸም ማንኛውም የወሲብ ዘልቆ መግባት ነው ብላ ስለተረጎመች ተጠቂው ወንድም ሴትም ሊሆን ቻለ።

በዚሁ ዘመን ዝምታውን የሰበሩ ወንዶች ብቅ አሉ። አሜሪካዊው ስቲቨን ዶናልድሰን በ1973 በዋሽንግተን በተቃውሞ ሰልፍ ታስሮ ሳለ በሌሎች እስረኞች በቡድን ተደፈረ፤ ከእስር ሲወጣም የደረሰበትን ለጋዜጠኞች በይፋ ተናገረ። በኋላም የእስር ቤት መደፈርን የሚቃወም ድርጅት መሪ ሆነ። በብሪታንያ በ1986 ለተደፈሩ ወንዶች ድጋፍ የሚሰጥ ድርጅት ተመሠረተ። በ1989 ደግሞ የሥነ አእምሮ ሐኪሞቹ ጊሊያን ሜዚና ማይክል ኪንግ በ22 ተጠቂ ወንዶች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በጥቃቱ ጊዜ ፍርሃት አካልን እንደሚያደርቅና ጠንካራ የሚባል ወንድም መከላከል እንደሚሳነው እንዲህ ያሉ ጥናቶች አሳዩ፤ «ወንድ ካልፈለገ አይደፈርም» የሚለውን እምነትም አናጉ።

የእንግሊዝ ሕግ ሁለቱን የሄል አጥሮች ያነሣው በተቀራራቢ ጊዜ ነው። በ1991 ከፍተኛው ፍርድ ሰሚ አካል ባል ሚስቱን በመድፈር እንደሚጠየቅ ወሰነ። በ1994 የወጣው የወንጀል ፍትሕ ሕግ አንቀጽ 142 ይህን በጽሑፍ ካጸና በኋላ የወንድ መደፈርንም በአስገድዶ መድፈር ስም አስገባ፤ ቅጣቱም ለሁለቱም እስከ እድሜ ልክ ሆነ። በማግስቱ ዓመት የለንደኑ ኦልድ ቤይሊ ፍርድ ቤት በአንድ ወጣት ወንድ ላይ የመድፈር ሙከራ ያደረገን ሰው በእድሜ ልክ እስራት ቀጣ።

## የጦር ወንጀል ችሎቶች፦ 1993–2004

የቀድሞዋ ዩጎዝላቪያ ጦርነት የወንዶችን መደፈር ወደ ዓለም አቀፍ ችሎት አመጣው። በ1993 በዘሄግ የተቋቋመው ፍርድ ቤት መጀመሪያ ካያቸው ጉዳዮች አንዱ የዱሽኮ ታዲች ነበር። በኦማርስካ ካምፕ እስረኞች የሌላ እስረኛን የመራቢያ አካል እንዲጎዱ መገደዳቸው በ1997 በተሰጠው ፍርድ ተረጋገጠ። ድርጊቱ የተፈረጀው ግን በወሲባዊ ወንጀልነት ሳይሆን በጭካኔ አያያዝና ኢሰብአዊ በሆነ ድርጊት ነበር።

በ1998 ሦስት ነገሮች በተከታታይ ተፈጸሙ። በመስከረም የሩዋንዳን ዘር ማጥፋት የሚመረምረው የአሩሻ ችሎት በዣን ፖል አካዬሱ ጉዳይ አስገድዶ መድፈርን በማስገደድ ሁኔታ ውስጥ በሰው አካል ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ወረራ ብሎ ተረጎመ። በችሎቱ የቀረቡት ተጠቂዎች ሴቶች ቢሆኑም ትርጓሜው ጾታ አይጠቅስም ነበር። በኅዳር የዘሄጉ ችሎት በቼሌቢቺ ካምፕ ሁለት ወንድማማቾች እርስ በርሳቸው በአፍ ወሲብ እንዲፈጽሙ መገደዳቸውን በጭካኔ አያያዝ ስም ፈረደበት። ሆኖም ክሱ በዚያ መልክ ቀርቦ ቢሆን አስገድዶ መድፈር ሊባል ይችል እንደነበር ዳኞቹ በፍርዳቸው ውስጥ ጻፉ። በታኅሣሥ ያው ችሎት በተከሳሹ ፉሩንጂያ ላይ በሰጠው ፍርድ ደግሞ የተጠቂው ፊንጢጣና አፍ ከሴት ብልት ጋር እኩል ተዘረዘሩ።

የቼሌቢቺ ዳኞች ያመለከቱትን መንገድ ዐቃቤ ሕግ ተከተለው። ራንኮ ቼሺች በብርችኮ ከተማ በሉካ ካምፕ ሁለት ሙስሊም ወንድማማቾችን በተመሳሳይ ድርጊት በማስገደዱ በአስገድዶ መድፈር ተከሶ ጥፋቱን አመነ፤ በ2004 ለዚህና ለፈጸማቸው ግድያዎች 18 ዓመት ተፈረደበት። በስድስት ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ ድርጊት ከጭካኔ አያያዝ ወደ አስገድዶ መድፈር ተሸጋገረ።

ዓለም አቀፉን የወንጀል ፍርድ ቤት ያቋቋመው የሮም ስምምነት በ2002 ሥራ ላይ ሲውል፣ አብሮት የጸደቀው የወንጀሎች ዝርዝር ከሁሉም ርቆ ሄደ። በዚህ ዝርዝር መሠረት ወንጀሉ የሚቋቋመው የተጠቂው አካል ሲወረር ብቻ ሳይሆን ተጠቂው በገዛ ብልቱ ወደ አድራጊው አካል እንዲገባ ሲገደድም ነው። ትርጓሜው ጾታ የማይለይ እንዲሆን ታስቦ መሰናዳቱም በግርጌ ማስታወሻ ተገልጿል።

## ሁለት አዳዲስ ሕጎች፦ 2003–2005

እንግሊዝ በ2003 የወሲብ ወንጀሎች ሕጓን እንደ አዲስ ጻፈች። አስገድዶ መድፈር በብልት ወደ ሴት ብልት፣ ወደ ፊንጢጣ ወይም ወደ አፍ ያለ ፈቃድ መግባት ሆነ፤ ተጠቂው ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። በጣት ወይም በዕቃ የሚፈጸመው ሌላ ወንጀል ቢሆንም እስከ እድሜ ልክ ያስቀጣል። ሴት ወንድን አስገድዳ ብትገናኘው ግን የእሷ ወንጀል «ሰውን ያለ ፈቃዱ በወሲብ ድርጊት እንዲሳተፍ ማድረግ» ይባላል። ቅጣቱ እስከ እድሜ ልክ ሊደርስ ይችላል፤ ስሙ ግን አስገድዶ መድፈር አይደለም።

በዚሁ ወቅት ኢትዮጵያም አዲስ የወንጀል ሕግ አወጣች። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አስገድዶ መድፈርን ከጋብቻ ውጭ በሴት ላይ የሚፈጸም ወንጀል አድርጎ ተርጉሞት ነበር። በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 620 ይህንኑ መሠረት ጠብቆ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ደነገገ፤ ለከባድ ሁኔታዎችም ቅጣቱን ከፍ አደረገ። ወንድ ተጠቂ በበርካታ አንቀጾች ተበታትኗል። ሴት ወንድን ከራሷ ጋር ግብረ ሥጋ እንዲፈጽም ብታስገድደው በአንቀጽ 621 እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ትቀጣለች። አንቀጽ 622 የሚመለከተው በተቃራኒ ጾታ ላይ የሚፈጸም የብልግና ድርጊትን ነው። ወንድ ወንድን በኃይል ሲደፍር ደግሞ ጉዳዩ ከግብረ ሰዶም ድንጋጌዎች ጋር በተቀመጠው በአንቀጽ 630 የሚታይ ሲሆን ቅጣቱ ከ3 እስከ 15 ዓመት ነው። ለሕፃናት ያለው ጥበቃ ጠንከር ይላል። በአንቀጽ 631 መሠረት ከ13 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ የሚፈጸም ግብረ ሰዶም ከ15 እስከ 25 ዓመት ያስቀጣል።

በዚህ አደረጃጀት አዋቂ ወንድ ሲደፈር የሚያመለክተው፣ በስምምነት የተፈጸመውም ድርጊት ወንጀል ሆኖ በተደነገገበት ክፍል ስር ነው። ተገድዶ እንደነበር ማስረዳት ካልተቻለ ራሱ ሊጠየቅ ይችላል የሚለው ስጋት ብዙዎችን ከፖሊስ ጣቢያ ደጃፍ ሊያስቀር ይችላል። የተጠቂውን የአካልና የሥነ ልቦና ጉዳት በወቅቱ ለመመዝገብም እንቅፋት ነው።

## የማን አካል? ከ2011 እስከ 2024

ተጠቂው ወንድም ሊሆን እንደሚችል በብዙ አገሮች ተቀባይነት ሲያገኝ ክርክሩ ወደ ድርጊቱ ዞረ። የአሜሪካው የበሽታ ቁጥጥር ማዕከል በ2011 ባወጣው ሪፖርት በሕይወት ዘመናቸው የተደፈሩ ወንዶች ከ71 አንድ መሆናቸውን ገለጸ። በገዛ ብልታቸው ሌላ ሰው ውስጥ እንዲገቡ የተገደዱት ግን በተለየ ርዕስ ተቆጥረው ከ21 አንድ ሆኑ። ሁለተኛው ድርጊት በአስገድዶ መድፈር ትርጓሜ ውስጥ ቢካተት ኖሮ የወንድ ተጠቂዎች ቁጥር ብዙ እጥፍ በጨመረ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ለወንጀል ስታቲስቲክስ የሚጠቀምበትን፣ ሴትን ብቻ የሚጠቅሰውን ትርጓሜ ለወጠ። እዚህም ግፊቱን ለዓመታት የመሩት የሴቶች መብት ድርጅቶች ነበሩ። አዲሱ ትርጓሜ ተጠቂውን በጾታ ባይለይም ተገድዶ መግባትን በግልጽ አልጠቀሰም። ጃፓን በ2017 ከ1907 ጀምሮ ሴትን ብቻ ይጠብቅ የነበረውን ሕጓን ስታሻሽል ይህን ክፍተት ዘጋች። ፈረንሳይም በ2018 በአድራጊው አካል ላይ የሚፈጸመውን ድርጊት ጨመረች። በእንግሊዝ ግን በ2017 የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት የተገደዱ ወንዶችን ድምፅ ይፋ ቢያደርግም የ2003ቱ ትርጓሜ ባለበት ቀጠለ።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ2013 ባወጣው ውሳኔ 2106 በግጭት ወቅት የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ወንዶችንና ወንድ ልጆችንም እንደሚጎዳ አመለከተ። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በ2016 በዣን ፒየር ቤምባ ላይ በሰጠው ፍርድ የተደፈሩ ወንዶችን ጉዳይ በአስገድዶ መድፈር ስም መዘገበ። ፍርዱ በ2018 በይግባኝ ቢሻርም ምክንያቱ የአዛዥነት ተጠያቂነት እንጂ የወንጀሉ ትርጓሜ አልነበረም። በ2019 በቦስኮ ንታጋንዳ ጉዳይ የተሰጠው ፍርድም ወንድ ተጠቂዎችን አካቷል። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንና የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት በ2021 ስለ ትግራይ ጦርነት ባወጡት የጋራ ሪፖርትም በወንዶችና በወንድ ልጆች ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ተጠቅሷል።

ወደ ኋላ የተመለሰ መንገድም አለ። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 የአንቀጽ 377ን ተፈጻሚነት በአዋቂዎች ፈቃድ በሚደረግ ግንኙነት ላይ ሲያነሣ፣ በማስገደድ የሚፈጸመው ግን እንደተከለከለ እንዲቆይ አድርጎ ነበር። በሐምሌ 2024 ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የሕንድ የወንጀል ሕግ ግን አንቀጹን ሙሉ በሙሉ ሲተወው የአስገድዶ መድፈር ትርጓሜውን ለሴት ብቻ አስቀረ። አዋቂ ወንድ ሲደፈር ክሱ የሚመሠረተው በተራ የአካል ጉዳትና መሰል ድንጋጌዎች ሆነ። ዛሬ ያሉት ሕጎች በሦስት ይከፈላሉ፤ ጾታን ፈጽሞ የማይለዩ፣ ተጠቂውን ሳይለዩ ድርጊቱን በአድራጊው ብልት የወሰኑ፣ ወንድ ተጠቂን ደግሞ በሌላ ወንጀል ስር ያስቀመጡ። ኢትዮጵያ ከመጨረሻዎቹ ወገን ስትሆን የሮም ስምምነትንም አላጸደቀችም።